370ዜድ ትራክ ላይ የዘይት ሙቀቱ 280 ፋራናይት ይደርሳል፤ ከምን ልጀምር?

ዜድ_ቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2010 ኒሳን 370ዜድ ናት፣ ማኑዋል። ሞተሩ ያው 3.7 ሊትር ቪ6 ነው፣ እስከ 7,500 አርፒኤም (በደቂቃ የሞተር ዙር) የሚሄደው። ለሥራ ስመላለስባት ምንም ችግር የለባትም። ሀይዌይ ላይ የዘይት ሙቀቱ 200 ፋራናይት አካባቢ ይቆማል፣ በሴንቲግሬድ 93 መሆኑ ነው። ትራፊክ ሲይዘኝ ትንሽ ከፍ ይልና መልሶ ይወርዳል።

ጣጣው የሚመጣው ትራክ (የመኪና ውድድር ሜዳ) ላይ ነው። የምሄደው ዌስት ቨርጂኒያ ያለው ሰሚት ፖይንት ነው። 2 ማይል ነው፣ 10 ኩርባ አለው፣ ዋናው ቀጥታ መንገድ ረጅም ስለሆነ ሞተሩ እዚያ ላይ ፋታ አያገኝም። ቀዝቀዝ ባለ ቀን እንደምንም ይቻላል። በሐምሌው ወበቅ ግን ጥቂት ዙር እንደሄድኩ ጌጁ 250፣ 260፣ 270 እያለ ይወጣና ወደ 280 ሲጠጋ ኮምፒውተሩ አርፒኤሙን ይይዝብኛል። እግሬ ነዳጅ ላይ ነው፣ ሞተሩ ግን አልሄድም ይላል። ከኋላ መኪና እየመጣ ቀጥታው መሀል ላይ ጉልበት ማጣት አደጋም አለው። እጅ አውጥቼ አሳልፋቸውና ወደ ፒት እገባለሁ። የሚገርመው የውሃው ጌጅ ንቅንቅ አይልም።

አንድ ጋራዥ አሳይቼ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ነገረኝ። አንዱ የራዲያተሩን ቴርሞስታት አውጥተን እንጣለው አለ። ሁለተኛው 20ደብሊው-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ሙላና ተገላገል አለ። ሦስተኛው ባለ 34 ረድፍ ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ያለ ቴርሞስታት እንግጠምልህ አለ። ያለኝ ወደ 800 ዶላር ነው። መኪናዋን ክረምት ከበጋ ነው የምነዳት፣ ሌላ መኪና የለኝም፣ እና ይሄን ሞተር ለረጅም ጊዜ ማቆየት እፈልጋለሁ። ስንት ዲግሪ ነው በእውነት አደገኛ? ከምን ልጀምር?


ብሮንዚና_ሜሪላንድ፦

ወንድሜ፣ ሞተርህ አልታመመም። የገጠመህ ነገር በ370 ትራክ የሚነዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኮምፒውተሩ አርፒኤም ሲይዝብህም ተናደድበት እንጂ አትጥላው፣ ሞተሩን እያዳነልህ ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ካላወቅክ መፍትሄውን በጨለማ ነው የምትፈልገው። ውሃው የሚያቀዝቅዘው የሲሊንደሩን ግድግዳና ቴስታታውን ነው። ዘይቱ ደግሞ ውሃ የማይደርስበት ቦታ ነው የሚሠራው፣ ክራንክ ሻፍቱ ብሮንዚናው (የሚያርፍበት መያዣ ብረት) ላይ ሲሽከረከር፣ ፒስተኑ ከሥሩ፣ ካም ሻፍቱ ላይ። አርፒኤም በጨመረ ቁጥር ዘይቱ ብሮንዚናው ውስጥ እየተፈተገ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ እና ይሄ ጭማሪ ከአርፒኤሙ በፈጠነ መጠን ነው የሚሄደው። ከ5,000 ወደ 7,000 ስትወጣ ትንሽ የጨመርክ ይመስልሃል፣ ለዘይቱ ግን ሌላ ዓለም ነው። የውሃው ጌጅ ዝም ያለው ለዚህ ነው። ራዲያተርህ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነው፣ ዘይቱ ግን ሙቀቱን የሚያራግፍበት ቦታ የለውም። ያንተ ሞተር የሚይዘው 5 ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው፣ 332 የፈረስ ጉልበት ለሚሰጥ ሞተር ብዙ አይደለም። ያንተ ሞዴል የዘይት ማቀዝቀዣ ሳይኖረው ነው የወጣው፣ በኋለኞቹ ዓመታት አንዳንዶቹ ላይ ከፋብሪካው ተገጥሞ መጥቷል።

አሁን ቁጥሩ። በሴንቲግሬድ ልንገርህ። ከ90 እስከ 110 ዘይቱ የሚፈልገው ቦታ ነው። እዚያ ላይ ሲቆይ ውስጡ የገባው እርጥበትና ቤንዚን እየተነነ ይወጣል። ትራክ ላይ 120፣ 125 ቢደርስ ጥሩ ሲንቴቲክ ዘይት ካለህ አትደንግጥ። 130 ላይ እግርህን ቀለል አድርግ። 135 (በጌጅህ 275 ፋራናይት) ካለፈ ጨርስና ግባ፣ ኮምፒውተሩ እስኪይዝህ አትጠብቅ። ጌጁ የሚያሳይህ ዘይቱ በአንድ ቦታ ሲያልፍ ያለውን ሙቀት ነው፣ ብሮንዚናው ላይ ያለው ስስ ሽፋን ከዚያ በላይ ይሞቃል። ብሮንዚናና ክራንክ ሻፍት እንዳይነካኩ የሚያደርገው ያ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፣ ሙቀቱ ሲበዛ እንደ ውሃ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ብረት ለብረት ነው።

ቴርሞስታት አውጥተን እንጣል ያለህን ሰው አመስግነህ ሌላ ጋራዥ ሂድ። የውሃ ቴርሞስታት ለዘይቱ ሙቀት የሚያደርገው ነገር ኢምንት ነው። በክረምት ሞተሩ ሳይሞቅ እየነዳህ ትውላለህ፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ያ ቤንዚን ዘይትህ ውስጥ ይገባል። ዘይት ለማዳን ብለህ ዘይት ታበላሻለህ።

ሌላም ነገር አለ። ከ370 በፊት የነበረው የ350ዜድ ዳሽቦርድ ላይ የዘይት ግፊት ጌጅ ነበረ። 370 ላይ ያለው የሙቀት ጌጅ ነው፣ ግፊት አያሳይም። ለትራክ ሁለቱም ያስፈልጉሃል። ማቀዝቀዣ ከመግዛትህ በፊት ግፊቱን ሞተሩ በደንብ ሞቆ ባለበት አስለካ። የዚህ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ከፊት ሽፋኑ ጀርባ ያሉት የዘይት መተላለፊያ ጋስኬቶች ወረቀት ስለነበሩ እየተቀደዱ ግፊት ያስወርዱ ነበር፣ በኋላ በብረት ተቀይረዋል። ያንተ ያ ችግር ካለበት የትኛውም ማቀዝቀዣ አያድነውም። የድሮ መካኒኮች ለየ1,000 አርፒኤሙ 10 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚሉት መመዘኛ ለመነሻ ይበቃል።


ጋሽ_መካኒክ_አዲስ፦

ልጄ፣ ከላይ የጻፈው ሰው ጥሩ ብሏል። እኔ ግን የወፍራም ዘይቱን ነገር እንዲህ በቀላሉ አልጥለውም። እዚህ አዲስ አበባ 20ደብሊው-50 ስንሞላ ዕድሜያችን አለፈ፣ ሞተርም አላቃጠልንም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፣ ስለዚህ በራዲያተር ውስጥ ስንት ነፋስ ቢያልፍ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ሞተሩም በስስ አየር ጉልበቱ ስለሚቀንስ ትንሽ ይካካሳል እንጂ።

የአባይን በረሃ ሽቅብ ወደ ደጀን የወጣ ሰው ያውቀዋል። ታች ሙቀት ነው፣ መንገዱ ዳገት ነው፣ ማርሹ ሁለተኛ ነው፣ ሞተሩ ይጮኻል መኪናው ግን አይሮጥም፣ ነፋስ የለም። ውሃው ሳይፈላ ዘይቱ ይቀጥናል። እዚያ ላይ ወፍራም ዘይት ያለው ሰው ይወጣል፣ ቀጭን የሞላው መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈን ከፍቶ ይጠብቃል። ስለዚህ ልጄ ለበጋው ወፍራም ሙላ፣ ለክረምት ቀጭን ቀይር። ይኸው ነው።


ሽቱትጋርት_86፦

ጋሼ፣ ስለ ዳገቱ ያሉት እውነት ነው፣ ትራክ ላይም ያው ነው የሚሆነው። እኔ ቶዮታ ጂቲ86 ነው ያለኝ፣ ጀርመን ያለው ኑርቡርግሪንግ ትራክ ላይ እነዳታለሁ። ኖርድሽላይፈ የሚባለው ረጅሙ ዙሩ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው። ዘይቱ የሚጋለው ቀጥታው ላይ አይደለም። ከበርግቨርክ አልፎ ኬሰልሄን የሚባለው ረጅም ዳገት አለ፣ እዚያ ላይ እግር እስከ ወለሉ ተረግጦ ሽቅብ ሲወጣ ነው ጌጁ ዓይኔ እያየ የሚነሳው። ሙሉ ጭነት፣ ከፍተኛ አርፒኤም፣ እንደ ቀጥታው ያልሆነ ፍጥነት። ጋሼ የነገሩን የአባይ ዳገት ቁልጭ ብሎ እሱ ነው።

ዘይቱ ላይ ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አልስማማም። እርስዎ የሚያውቋቸው ሞተሮች የብሮንዚና ክፍተታቸው ሰፋ ያለ ነው፣ 20ደብሊው-50 ተመችቷቸዋል። የዜድ ሞተር ክፍተቱ ጠባብ ነው፣ የካም ሻፍቱን ጊዜ የሚያስተካክለው ሲስተምም በዘይት ግፊት የሚታዘዝ ነው። ወፍራም ዘይት ራሱ ሲፈተግ ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል፣ ጌጁ ላይ ከፍ ብሎ ልታየው ሁሉ ትችላለህ። በዚያ ላይ ይሄ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ጥር ላይ ጠዋት ከዜሮ በታች ሞተር ሲያስነሳ 20ደብሊው ዘይት ካም ሻፍቱ ጋ እስኪደርስ የሚያልፉት ሰከንዶች ናቸው ሞተሩን የሚበሉት።

ዜድ፣ ዘይት ስትገዛ የቆርቆሮውን ፊት ቁጥር ብቻ አትይ። ከጀርባው ወይም ከመረጃ ወረቀቱ ላይ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በከፍተኛ ግፊያ የሚለካውን ውፍረት ፈልግ። ለተራ 5ደብሊው-30 ዝቅተኛው 2.9 ነው። ለ5ደብሊው-40 ደግሞ 3.5። ባለ 30 ሆነው 3.5 የሚደርሱም አሉ፣ የአውሮፓው ኤሲኢኤ ሲ3 ወይም ኤ3/ቢ4 ማህተም ያለበት ሁሉ 3.5 እና ከዚያ በላይ ነው። እኔ ብሆን ላንተ ሞተር 5ደብሊው-40 ሙሉ ሲንቴቲክ እሞላለሁ። ከ5ደብሊው-30 ጋር ስታስተያየው ወደ 10 ዲግሪ ያህል መተንፈሻ ይሰጥሃል፣ ማለትም ባለ 30ው በ110 የሚኖረውን ውፍረት ይሄኛው በ120 አካባቢ ይዞት ይገኛል። ክረምት ላይም 5ደብሊው ስለሆነ ሞተሩ ይነሳል። ዋስትና ያለው መኪና ቢሆን ጠይቅ እልህ ነበር፣ የ2010 ግን ያንተው ውሳኔ ነው።

የመቀየሪያ ጊዜውንም አሳጥረው። ሙቀት ዘይትን የሚያረጅበት ፍጥነት በየ10 ዲግሪው እጥፍ ይሆናል የሚባል የኬሚስቶች ግምት አለ። ልክ ባይሆን እንኳ አቅጣጫው ያ ነው። ትራክ የዋለ ዘይት ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው ተብሎ አይታለፍም። ናሙና በትንሽ ጠርሙስ ለላብራቶሪ ብትልክ ውፍረቱ ምን ያህል እንደወረደና ቤንዚን እንደገባበት በወረቀት ይመጣልሃል፣ ከግምት ያወጣሃል።

ከሁሉ በፊት ግን አነዳድህን ቀይር፣ ነጻ ነው። ማርሽ በ7,400 ሳይሆን በ6,700 ቀይር። ሁለተኛ ማርሽ ውስጥ ትገባባቸው የነበሩ ኩርባዎችን በሦስተኛ ሞክራቸው። የምታጣው ሰዓት ከምትፈራው ያነሰ ነው፣ ሙቀቱ ግን በግልጽ ይወርዳል። ጌጁ 255 ፋራናይት ሲል ደግሞ አንድ ዙር በአራተኛና አምስተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ አርፒኤም፣ ግን ፍጥነት ሳትቀንስ ሂድ፣ ነፋሱ ይሥራበት። ከዚያ ቀጥል። ሞተር ያለ ሥራ አቁመህ ማስጮህ አያቀዝቅዝም።


ሻርጃ_ጋራዥ፦

እኛ ጋ ይሄ ጉዳይ የዕለት እንጀራችን ነው። የምሠራው ሻርጃ ነው፣ ዱባይ ኦቶድሮም የሚሄዱ መኪናዎች እኛ ጋ ይመጣሉ። ትራኩ 5.39 ኪሎ ሜትር ነው። በሐምሌ ቀን የሚነዳበት ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ሌሊት ወይም ከጥቅምት በኋላ ነው።

ሒሳቡን ላሳያችሁ። ማቀዝቀዣ የሚሠራው በዘይቱና በአየሩ መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ነው። ዘይቱ 120 አየሩ 30 ከሆነ ልዩነቱ 90 ነው። አየሩ 45 ሲሆን ልዩነቱ 75 ይሆናል። ያው ማቀዝቀዣ፣ ያው ፍጥነት፣ ግን ከሥራው አንድ ስድስተኛ ጠፋ። ስለዚህ ዘይቱ ያንን ልዩነት እስኪያገኝ ወደ 15 ዲግሪ ከፍ ይላል። ዜድ፣ ያንተ መኪና በሐምሌ የሚቸገረውና በጥቅምት የሚሻለው በዚሁ ምክንያት ነው። ማቀዝቀዣ ስትመርጥ ለምትነዳበት ሞቃት ቀን መርጥ።

ሰው ሁሉ ስለ ማቀዝቀዣው ረድፍ ያወራል፣ ስለ ነፋሱ አያወራም። ባለ 34 ረድፍ ከራዲያተሩ ፊት ተለጥፎ ነፋሱ በጎን በኩል ቢያመልጥ ባለ 19 ረድፍ በደንብ ከታሸገው ያነሰ ይሠራል። ነፋስ ሰነፍ ነው፣ ቀዳዳ ካገኘ ፊን (የማቀዝቀዣው ቀጫጭን የብረት ክንፎች) ውስጥ አያልፍም። ፓራውልቱን ስታወልቀው በራዲያተሩና በክፈፉ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ታያለህ፣ ከላይም ከጎንም። እሱን በስፖንጅና በቀጭን አልሙኒየም ዝጋው። ወጪው የአንድ ምሳ ነው፣ ለውሃውም ለዘይቱም ይጠቅማል። የገባው ነፋስ መውጫም ይፈልጋል። ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ መሸፈኛ አየር ይዘጋል ብለው የሚያወልቁ አሉ፣ ተሳስተዋል። እሱ ነው ከሥር ያለውን ግፊት ዝቅ አድርጎ አየሩን ወደ ኋላ የሚስበው። ተሰብሮ ከሆነ ቀይረው።

ሌላው የኛ ችግር አሸዋ ነው። ያንተ ደግሞ ቅጠል፣ የአበባ ብናኝና ነፍሳት ይሆናል። ማቀዝቀዣና ራዲያተር ከኋላ ወደ ፊት በቀስታ ውሃ ይታጠባል። በፕሬሸር ማሽን በቅርብ ካጠብከው ፊኑን ታጣምመዋለህ፣ የታጠፈ ፊን ደግሞ የተዘጋ በር ነው። ባለፈው ጀበል ሃፊትን የሚወጣ ደንበኛ መጣ። አል አይን ያለው ተራራ ነው፣ 12 ኪሎ ሜትር የማይሞላ 60 ያህል መታጠፊያ ያለው መንገድ። ዘይቱ ጋለ ብሎ አዲስ ትልቅ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ነበር። ፓራውልቱን አውልቀን ስናየው የነበረው ማቀዝቀዣ ታችኛው ግማሽ በአሸዋና በዘይት ተለስኖ ጭቃ ሆኗል። ዘይቱ ያንጠባጠበው ከአንድ ላላ ካለ መጋጠሚያ ነው። ታጠበ፣ መጋጠሚያው ተጠበቀ፣ አበቃ።


ዜድ_ቨርጂኒያ፦

ሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እርስዎም ተባረኩ፣ የአባይን መንገድ በልጅነቴ በአውቶቡስ ነው የማውቀው።

የዘይቱን ግፊት ቅዳሜ አስለካለሁ። ደህና ከሆነ 5ደብሊው-40 እሞላለሁ፣ ክፍተቶቹን እዘጋለሁ፣ ማርሽ ቀደም ብዬ እቀይራለሁ። ከዚያ በኋላም ማቀዝቀዣው የሚያስፈልገኝ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ሐምሌን መተው አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ክረምት ላይ ዘይቱ ሳይሞቅ እንዳይቀር። ሁለተኛ ቱቦ ፈንድቶ ዘይት ጎማ ላይ ወይም ጭስ ማውጫ ላይ እንዳይፈስ። አንድ ሰው ትራክ ላይ መኪናው ሲነድ በዓይኔ አይቻለሁ።


ብሮንዚና_ሜሪላንድ፦

ሁለቱም ትክክለኛ ሥጋት ነው።

የመጀመሪያው በቴርሞስታት ይፈታል። ከዘይት ፊልትሮውና ከሞተሩ መካከል የምትገባው ዝርግ መጋጠሚያ ሁለት ዓይነት ናት፣ ቴርሞስታት ያላትና የሌላት። ያላትን ግዛ። ወደ 82 ዲግሪ አካባቢ መክፈት ትጀምራለች። ከዚያ በፊት አብዛኛው ዘይት ማቀዝቀዣው ሳይደርስ ይመለሳል። ጥቂት ዘይት ግን ሁልጊዜ ያልፋል፣ ቱቦው ውስጥ አየርና የቀዘቀዘ ዘይት እንዳይጠራቀም ነው። ጥር ላይ ይሄ ጥቂቱ እንኳ ቢበዛብህና ሀይዌይ ላይ ዘይቱ 80 ላይ ቢቀር ማቀዝቀዣውን በከፊል በዝርግ ነገር ሸፍነው፣ መጋቢት ላይ አንሳው። ያለ ቴርሞስታት ባለ 34 ረድፍ የሚለውን ሐሳብ እርሳው። ዓመቱን ሙሉ ለሚነዳ መኪና አይሆንም። ያንተ መኪና ላይ ባለ 19 ወይም ባለ 25 ረድፍ ነፋሱ ከተያዘለት ይበቃል።

ሁለተኛው እንክብካቤ ነው የሚፈልገው፣ እዚህ ላይ አትቸኩል። የተለመደው ቱቦ ኤኤን-10 መጠን ያለው በሽቦ የተሸመነ ነው። ይሄ ሽቦ አልሙኒየምን እንደ ሞረድ ይበላል፣ ፕላስቲክንማ ተወው። ቱቦው ክፈፉን፣ የራዲያተሩን ጠርዝ ወይም የፓራውልቱን ብረት የሚነካበት ቦታ ሁሉ ጎማ አልብሰህ በማሰሪያ ያዘው። ሞተር ሲነሳና ማርሽ ሲገባ ሞተሩ እንደሚንቀሳቀስ አስታውስ፣ ስለዚህ ቱቦው ትንሽ ላላ ያለ ይሁን። ከጭስ ማውጫው በተቻለ መጠን አርቀው። ዝርግ መጋጠሚያዋን የሚይዘው የመሀል ብሎን በትክክለኛ ኃይል ይጠበቅ፣ ጎማ ቀለበቷ አዲስና ዘይት የተቀባች ትሁን፣ ሥር ያለው የሞተሩ ገጽ ንጹሕ ይሁን። ብዙ ጊዜ ዘይት ሲፈስ የማየው ቱቦ ፈንድቶ ሳይሆን ይሄ ብሎን ላልቶ ነው። ፊልትሮ ስታወልቅ አብሮ ይፈታል፣ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። በእያንዳንዱ ዘይት ቅያሪ ላይ በቁልፍ ነካ አድርገው።

ማቀዝቀዣውን ከመግጠምህ በፊት ዘይት ሙላበት። ሞተሩን አስነሳና ግፊት እስኪመጣ በዝቅተኛ አርፒኤም ተወው፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፍት አሙቀው፣ አጥፋው፣ ትንሽ ጠብቅና ልኬቱን እይ። ግማሽ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ይጎድላል። ሙላበት ግን ከላይኛው ምልክት አታሳልፍ። ከልክ በላይ የሞላ ዘይት ክራንክ ሻፍቱ እየመታው አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሙቀትም አይወስድ ብሮንዚናም አይጠብቅ።

ትራክ ከመግባትህ በፊት አንድ ሳምንት መንገድ ላይ ንዳት። ማታ ማታ ከሥር በባትሪ እይ። እርጥብ ነገር ካየህ ምንጩን ሳታገኝ አትሂድ።


የድሮ_911_ሎስ አንጀለስ፦

ዘግይቼ ነው የገባሁት፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የኔ መኪና የ80ዎቹ ፖርሽ 911 ካሬራ 3.2 ናት፣ በአየር የምትቀዘቅዘው። እነዚህ 911ዎች እስከ 1998 ድረስ ራዲያተር አልነበራቸውም፣ ነገሩ ሁሉ ዘይት ነው፣ ከ10 ሊትር በላይ ይይዛሉ። የፊት ቀኝ ጎማ ሽፋን ውስጥ የዘይት ማቀዝቀዣ አለ፣ ቴርሞስታቱ የኋላ ቀኝ ጎማ ጋ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኙት ቧንቧዎች በቀኝ በኩል ከበሩ ሥር ይሄዳሉ። ሙቀት ሲወጣብን መጀመሪያ የምናደርገው እነዚያን ቧንቧዎች በእጅ መንካት ነው። ጌጁ ከፍ ብሎ ቧንቧው ቀዝቃዛ ከሆነ ቴርሞስታቱ አልከፈተም፣ ማቀዝቀዣው ምንም ጥፋት የለበትም። ሁለቱም ቧንቧዎች እኩል የሚፋጁ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ እየደረሰ ነው፣ ነፋስ ነው የጎደለው።

ዜድ፣ ያንተም ላይ እንዲሁ አድርግ። ከትራክ ስትወጣ ሞተሩን ወዲያው አታጥፋው፣ ፓርኪንጉን በቀስታ ዙር፣ ከዚያ አቁመህ ኮፈን ክፈት። ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውንና የሚመለሰውን ቱቦ በጓንት ንካ፣ ወይም ርካሽ የኢንፍራሬድ መለኪያ ያዝና የመጋጠሚያዎቹን ጥቁር ክፍል ለካ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ላይ የሚሰጥህ ቁጥር የተሳሳተ ነው። የሚመለሰው ከሚሄደው በግልጽ ቀዝቀዝ ካለ ማቀዝቀዣው ሠርቷል። እጅ ፍሬን ግን አትያዝ፣ ፍሬኑ ከጋለ ሊጣበቅ ይችላል። ማርሽ ውስጥ ተወው።


ሽቱትጋርት_86፦

የፍሪሲዮን ዘይቱንም አብረህ ቀይር፣ የፍሬኑንም። 370 ላይ ፍሪሲዮኑን የሚገፋው ሲሊንደር ማርሽ ሳጥኑ ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ ሙቀቱ እዚያ ድረስ ይሄዳል። ዘይቱ ከጠቆረ ፔዳሉ መሬት ላይ ይቀርብሃል። የሞተር ዘይቱን 110 ላይ ይዘህ በፔዳል ምክንያት ቀንህ እንዳይበላሽ።


ዜድ_ቨርጂኒያ፦

እሺ እህቴ፣ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ባለ 25 ረድፉን ከቴርሞስታቱ ጋር አዝዣለሁ፣ የግፊት ጌጁንም ጨምሬ። የ5ደብሊው-40ው ቆርቆሮ ጀርባ ላይ ኤ3/ቢ4 የሚለውን አይቼ ነው የገዛሁት። ግፊቱ ቅዳሜ ስንት እንደሆነ እዚሁ እጽፋለሁ።